የሰባት ቁጥር መደብ ምሳ

በምርምር ጣቢያው በር ገብቶ፣ ቢሮዎቹን በስተግራ ትቶ፣ የትራክተሩን መጠለያ ያለፈ ሰው እትዬ ግራምን ሳያገኝ አይመለስም። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ከደመወዝ መቀበያው ወረቀት በቀር ግን የሚያስታውሰው የለም። «ግራም» የወጣላት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በቀን ሠራተኛነት ዘር ልታበጥር በገባች በሁለተኛው ሳምንት ነው። የመጋዘኑ ኃላፊና የዚያን ጊዜው ዋና ተመራማሪ በአንድ የዘር ከረጢት ተጨቃጨቁ። አንዱ ሞልቷል ሲል ሌላው ጎድሏል ይላል። እሷ ሳትጠራ መጥታ ከረጢቱን በመዳፏ ብድግ አደረገችና «አሥራ ሁለት ግራም ይጎድለዋል» አለች። ሁለቱም ሳቁባት። ሲመዝኑት አሥራ ሁለት ግራም ጎደለ። በማግስቱ ወንፊቱን ተቀብለው ሚዛኑን ሰጧት።

ከዚያ ወዲህ በጣቢያው የሚታጨድ፣ የሚወቃ፣ የሚቆፈር ነገር ሁሉ በእሷ እጅ ሳያልፍ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ጠዋት ጠዋት ሚዛኑን በአንድ ኪሎ ብረት ትፈትነዋለች፤ ካላመነችው ቁርሱን እንዳልበላ ልጅ ትቆጣዋለች። እርሳስ እንጂ ላጲስ ይዛ አታውቅም። የተሳሳተ ቁጥር በላዩ ይሰመርበታል እንጂ አይጠፋም ባይ ናት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሏታል የሥራ ባልደረቦቿ ሊያበሽቋት ሲፈልጉ። «እኔ ከሁለቱም እብሳለሁ» ትላቸውና ሥራዋን ትቀጥላለች።

አሁን የምትሠራው ከወጣቷ ተመራማሪ ጋር ነው። ሰው ፊት «ዶክተር»፣ ብቻቸውን ሲሆኑ «ልጄ» ትላታለች። ዶክተሯ ከትምህርት ቤት ትኩስ ሆና በመጣች ጊዜ አንድ ቁጥር ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ብሏት ልትሰርዘው እርሳሷን ስታነሣ፣ እትዬ ግራም እጇን ያዘቻት።

«ያልጣመሽን ቁጥር አትሰርዢ። ምክንያቱን ፈልጊለት። ምክንያት ካላገኘሽለት ግን እንደ ክፉ ዘመድ ተሸክመሽው ትኖሪያለሽ እንጂ ከቤት አታባርሪውም።»

ዶክተሯ ይህን ምክር በልቧ ያዘችው። እትዬ ግራም ደግሞ መምከሯን እንኳ ረሳችው። ወደፊት የሚያስቸግራትም ይኸው ነው።

ሁለቱ የያዙት ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ለዓመታት በማዳበሪያ ከረጢት ብቻ ሲታረስ የኖረ የደከመ መሬት አለ። ያ መሬት ነፍስ ይዘራ እንደሆነ ለማየት አሥራ ሁለት መደብ ተለካ፤ እያንዳንዱ አምስት ሜትር በአራት። አራቱ ብስባሽ ይሰጣቸዋል፤ አራቱ ብስባሽ ተሰጥቷቸው ገለባ ይለብሳሉ፤ የቀሩት አራቱ ምንም አይሰጣቸውም። ምንም የማይሰጣቸው ለማነጻጸሪያ ናቸው። እነሱ ባዶ ካልሆኑ የሌሎቹ ጥጋብ በምን ይታወቃል? በሁሉም ላይ ስንዴ ይዘራል፤ በዓመቱ መጨረሻ እትዬ ግራም ትመዝናለች። ሥራው አምስት ዓመት ይፈጃል ተባለ። የአካባቢው ገበሬዎች አጥሩን ተደግፈው እያዩ ይጠብቃሉ፤ «እስቲ ይሁንና እናያለን» ይላሉ።

ሰባት ቁጥር መደብ ከነዚያ ምንም ከማይሰጣቸው አንዱ ነው። ዕጣው ሆኖ ከዕቃ ቤቱ ጥላ ፊት ለፊት ወደቀ። እትዬ ግራም ምሳዋን የምትበላው ደግሞ እዚያው ጥላ ሥር፣ አንድ እግሩ በምስማር የተጠገነ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት መኸር እንደተሰበሰበ ባለቤቷ ጡረታ ወጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ ቁጭ ማለት አያውቅበትም። ቤት በዋለ በሦስተኛው ቀን ኩሽናውን ተረከበ። «ከዛሬ ጀምሮ ምሳሽ የኔ ኃላፊነት ነው» አላት። ችግሩ ሐኪም ለደም ግፊቱ ጨውና ዘይት የከለከለው መሆኑ ነው። እሱም ሕግ አክባሪ ሹፌር ነውና ለራሱ የተከለከለውን ለሚስቱም ከለከለ። ጎመኑን፣ ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ባቄላውን ባንድ ድስት ይከትና ውሃው ራሱ እስኪሰለች ያፈላዋል። ካሮቱን ሁልጊዜ በሰያፍ፣ አውራ ጣት በሚያክል ውፍረት ነው የሚቆርጠው፤ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ከዚያ ምሳ ዕቃው ላይ ጠቅጥቆ ይሞላና በር ላይ ሆኖ «ባዶውን አምጪልኝ» ይላታል።

እትዬ ግራም የመጀመሪያውን ቀን አንድ ማንኪያ ቀመሰች። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ምግቡ ምንም ጣዕም አልነበረውም። ሁለተኛ ማንኪያ አላነሣችም። ባዶውን ባታመጣለት ደግሞ ሰውየው ምን እንደሚሰማው ታውቃለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መንገደኛ «በዚህ ውረድ፣ በዚያ ዙር» ሲለው የኖረ ሰው አሁን ገና አንድ የራሱ ነገር ማግኘቱ ነው። ቀና ስትል ሰባት ቁጥር ፊቷ ተዘርግቷል፤ በሁለት ወገን ብስባሽ የጠገቡ ጎረቤቶቹ አፈራቸው ጠቁሮ፣ እሱ አመድ መስሎ። አንጀቷን በላው።

«እንግዲህ አንተም ብላ» አለችውና ምሳውን ገልብጣ፣ በመኮትኮቻ አፈር መለስ አደረገችበት። ከዚያ ከሠራተኞች ክበብ ዳቦና ሻይ ገዝታ ሆዷን ሞላች።

በማግስቱም ደገመችው። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። እህል ቆሞ ሲያገኛት በመስመሮቹ መሃል ትቀብረዋለች። ቀኑ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ተደራረበ። ባለቤቷ ባዶውን ምሳ ዕቃ በተቀበለ ቁጥር ፊቱ ይበራል፤ ለጎረቤት «የኔን እጅ ሳይቀምሱ አይዘለቅም» ማለት ጀምሯል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት፣ ለማነጻጸሪያ መደብ ምንም እንደማይሰጥ ጠፍቷት ነው?» ቢል አይፈረድበትም። አልጠፋትም። አንድ ጭብጥ ብስባሽ ወደ ሰባት ቁጥር ቢያመልጥ እጇን ትቆርጥ ነበር። ግን ብስባሽ ማለት የሚመዘን፣ የሚመዘገብ፣ በከረጢት የሚመጣ ነገር ነው። ምሳ ደግሞ ምሳ ነው። በአእምሮዋ ውስጥ ሁለቱ በተለያየ መሳቢያ ተቀምጠው ነበር፤ መሳቢያዎቹም አንድ ቀን እንኳ አብረው ተከፍተው አያውቁም።

መደቡ ግን በላ። በመጀመሪያው ዓመት አራት ኪሎ ከመቶ ግራም የሰጠ መሬት በሁለተኛው አምስት ኪሎ አስመዘነ፤ በሦስተኛው ስድስት ተኩል አለፈ። በአራተኛው ስምንትን ተጠጋ። በአምስተኛው ዓመት ስምንት ኪሎ ከስድስት መቶ አርባ ሲሆን እትዬ ግራም ሚዛኑን ሦስት ጊዜ በብረቱ ፈተነችው። ሚዛኑ ምንም አላጠፋም። ሌሎቹ ሦስቱ ባዶዎች እዚያው አራት ኪሎ ላይ እንደተቸከሉ ናቸው።

ዶክተሯ እንቅልፍ አጣች። የገምጋሚዎች ቡድን ሐሙስ ሊመጣ ነው፤ መጥተው ጥናቱ ይቀጥል ወይም ይዘጋ ይላሉ። ሊቀመንበሩ አምና ሰባት ቁጥርን አይተው «መሬቱ ምንም ሳይሰጠው በራሱ የሚድን ከሆነ እኛ ለምን እንደክማለን?» ብለው ነበር። ከተዘጋ ቦታው የመኪና ማቆሚያ እንደሚሆን ሁሉም ሰምቷል። ዶክተሯ የምታጣው የአምስት ዓመት ልፋቷን ነው። ገበሬዎቹም አጥሩን ለቀው ወደ ከረጢታቸው ይመለሳሉ።

«ይሄን አንድ መደብ አውጥተሽ ብትጥይውስ?» አላት ቢሮ የሚጋራት ባልደረባዋ።

«ምክንያት ሳላገኝለት አልጥለውም» አለች ዶክተሯ። «እትዬ ግራም ናቸው ያስተማሩኝ።»

ምክንያት ፍለጋው የተጀመረው ከውሃ ቧንቧ ነው። ከሥር የሚያፈስ አሮጌ ቧንቧ አለ ብለው የጣቢያውን ካርታ አወጡ፤ የቧንቧ ሠራተኛ መጣ፤ ቆፈረ፤ ቧንቧው ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ያለ ጥፋቱ የተወነጀለው ቧንቧ ተመልሶ ተቀበረ። ሰው የሆነ ነገር ይጥልበት ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አንድም አልነበረም። እንዴት ይጠርጥር? ጠባቂዋ እትዬ ግራም ናት።

ሰኞ ከቀትር በፊት ዶክተሯ ራሷ አካፋ ይዛ ሰባት ቁጥርን ቆፈረች። ሌሎቹ ባዶዎች ውስጥ በአንድ አካፋ አፈር ሦስት ወይም አራት የመሬት ትል ነው የሚገኘው። እዚህ ሠላሳ አንድ ቆጠሩ። አፈሩ ጠቁሯል፤ ሲጨብጡት ይያዛል፤ ሲለቁት ይፈርሳል። ዶክተሯ ተንበርክካ በጣቷ ስትፈልግ አንድ ነገር አገኘችና ወደ ብርሃን ከፍ አደረገችው።

«የካሮት ቁራጭ ነው እትዬ። ወፍ ጥሎት ይሆን?»

እትዬ ግራም አየችው። በሰያፍ የተቆረጠ ነው፤ አውራ ጣት ያክላል። ያን ካሮት ከሺህ ካሮት መሃል ታውቀዋለች። በዚያች ቅጽበት ሁለቱ መሳቢያዎች ባንድ ጊዜ ተከፈቱ።

«ወፍ... እንጃ» አለች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ጣቢያ የተናገረችው የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው።

ያን ቀንና ማክሰኞን እንዴት እንደዋለች እሷ ናት የምታውቀው። ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም፤ ጥናቱ ግን በሷ ጦስ ይዘጋል። ብትናገር ሥራዋ ያበቃል ብላ ፈራች፤ ከሥራዋም በላይ ስሟ። «እትዬ ግራም» የሚባል ስም ከጠፋ የሚቀራት ያ የደመወዝ ወረቀቱ ስም ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ራሷም ለምዳው አታውቅም። ማክሰኞ ምሳዋን አልቀበረችውም። ይዛው ተመለሰች።

ባለቤቷ ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ ክብደቱ ሲሰማው ፊቱ ተለወጠ።

«አሞሻል?»

«አላመመኝም» አለችው። «ቁጭ በል። የምነግርህ አለ።»

ሁሉንም ነገረችው፤ ከመጀመሪያዋ ማንኪያ ጀምሮ እስከ ካሮቱ። እሱ ሲሰማ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ መሪ እንደያዘ ሰው ወደፊት ያያል።

«አንድም ቀን?» አላት ስትጨርስ።

«አንዳንድ ማንኪያ፤ ለይሉኝታ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ለመሬት ነው የምቀቅለው በይኛ።»

«ልብህን እንዳልሰብር ብዬ ነው።»

ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ልቡ ተሰብሯል፤ አልደበቀውም። ጎረቤት ፊት የነዛው ጉራም ትዝ ብሎት ጆሮው ቀላ። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጣት ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ መስሏት ስትነሣ፣ ሰውየው እየሳቀ ነው።

«እሺ፣ መሬቱ ወደደው?» አለ።

«ከአራት ኪሎ ወደ ስምንት ከስድስት መቶ አርባ አድርሶታል።»

«አየሽ። እጄ ችግር አልነበረበትም፤ ተመጋቢው ነው የተሳሳተው።» ተመልሶ ተቀመጠና ዓይኖቹን ጠረገ። «ስሚኝ እሜቴ። ሹፌር መታጠፊያ ካለፈ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ ቶሎ ማዞር። በራቀ ቁጥር ነዳጁ ይበዛል። ነገ ጠዋት ሄደሽ ትነግሪያታለሽ።»

«ቢያባርሩኝስ?»

«ያባርሩሻላ። ሁለት ጡረተኛ ሆነን የኔን ምግብ እንበላለን፤ ቅጣቱ እሱ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት እንደ ወትሮው ምሳ ዕቃውን ሞልቶ ሰጣት። «ዛሬ ባዶውን እንዳታመጪ» አላት። «ሙሉውን ለዶክተሯ አሳዪያት። ማስረጃ ነው።»

እትዬ ግራም ዶክተሯን ያገኘቻት ሰባት ቁጥር ጠርዝ ላይ ነው። መግቢያ አላበጀችም። ምሳ ዕቃውን ከፈተች፤ በሰያፍ የተቆረጠውን ካሮት በማንኪያ አወጣችና መዳፏ ላይ አስቀምጣ አሳየቻት።

«ወፉ እኔ ነኝ ልጄ» አለች።

ዶክተሯ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጠርዙ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?» አለች፤ ድምፅዋ ተቀይሯል።

«ከሁለተኛው ዓመት። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣበት ቀን።»

«እኔ ቧንቧ አስቆፍሬያለሁ እትዬ። ሌሊት ሌሊት ሳስብ አድሬያለሁ። ከሰው ሁሉ እርስዎ?»

እትዬ ግራም አጠገቧ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና መልቀቂያ እንደምትጽፍ ነገረቻት። ዶክተሯ አፈሩን በጣቷ ጫረች። ከዚያ ቀና አለች። ንዴቱ ፊቷ ላይ አለ፤ ከጀርባው ግን ሌላ ነገር ብቅ ማለት ጀምሯል።

«በቀን ምን ያህል ነው?»

እትዬ ግራም አንድ ማንኪያ ከምሳ ዕቃው ቀንሳ፣ የቀረውን በመዳፏ ላይ ብድግ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። «ያለ ዕቃው ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ግራም። ሰውየው አንድ ጭልፋ ነው ያለው፤ ከዚያ አይበልጥም፣ ከዚያም አያንስም።»

መዘኑት። ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ነው።

«ጨው አለበት?»

«ሐኪም ከልክሎታል። ዘይትም የለውም።»

ዶክተሯ ሳቀች፤ ከሰኞ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። «ጨው ቢኖረው መሬቱን ይጎዳው ነበር። የደም ግፊቱ ነው ያተረፈን።» ወዲያው ተነሥታ የሠራተኞችን የመገኛ መዝገብ ልታመጣ ሄደች። እትዬ ግራም በአራት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ቀን ሥራ ገብታለች። ቀሪው የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ሰባት ቁጥር ሦስት መቶ ስልሳ ስምንት ኪሎ ከስድስት መቶ አርባ ግራም ቅቅል በልቷል።

ሐሙስ ገምጋሚዎቹ መጡ። ዶክተሯ አንድም ነገር አልደበቀችም። ለማነጻጸሪያ የቀሩት ሦስት መደቦች ብቻ መሆናቸውን፣ ሰባት ቁጥር ምን እንደገባበት ዘርዝራ ተናገረች። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው እትዬ ግራምን ተመለከቱ።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

በልቧ ያዘጋጀችው ረጅም ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። «ሁሉ ሲበላ እሱ ብቻ ጾሙን ሲውል አሳዘነኝ» አለች።

ከኋላ አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሲሞክር ሳል ሆነበት። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ከሰባት ቁጥር አፈር ጨበጡ፤ ቀጥለው ወደ ሌላኛው ባዶ ሄደው ከዚያም ጨበጡ። ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ብስባሽ ለማዘጋጀት ከብት፣ ቦታ፣ ጉልበት ይጠይቃል» አሉ ቀስ ብለው። «ገበሬው ሁሉ ያ የለውም። የድስት ትርፍ የሌለው ቤት ግን የለም። ጥናቱ ይቀጥል። ይሄ መደብ ከማነጻጸሪያነት ይውጣና ራሱን ችሎ ይጠና።» ቀጥሎም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እርስዎ ደግሞ ጥፋት አጥፍተዋል።»

ጥፋቱ አልታለፈላትም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት፤ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው። እትዬ ግራም አንብባ ፈረመችበት። የተጻፈበት ቀን በአንድ ቀን ተሳስቶ ስላገኘችው በላዩ አስምራ አስተካከለችው፤ ከዚያ ራሷ ፋይሏ ውስጥ አስገባችው።

በቀጣዩ ሳምንት ሰባት ቁጥር አዲስ ሰሌዳ ተተከለለት፦ «7 — የቤት ቅቅል፣ በቀን 384 ግራም፣ ያለ ጨው»። ባለቤቷ ሊያይ መጣ፤ ኮት ለብሶ ነው የመጣው። አጥሩን የተደገፉት ገበሬዎች ባለሙያው እሱ መሆኑን ሲሰሙ ዙሪያውን ከበቡት፤ ካሮቱ የግድ በሰያፍ መቆረጥ ይኖርበት እንደሆነ ጠየቁት። ትንሽ አሰበና «ባይሆንም ይሆናል፤ እኔ ግን አልለውጥም» አላቸው። ሰሌዳው ፊት ቆሞም «በሕይወቴ ምግቤን ሳያማርር የጨረሰው ይሄ ብቻ ነው» አለ። አሁን ሁለት ምሳ ዕቃ ይሞላል። አንዱ የሰባት ቁጥር ነው፤ አንድ ነገር አይለወጥበትም። ሌላው የእትዬ ግራም ነው፤ ሎሚና ቃሪያ ገብቶበታል። እሷም እውነት ለመናገር ምላለች፤ ማክሰኞ ዕለት ሎሚው በዝቷል ብትለው ረቡዕ ቀነሰው።

በሰባት ቁጥር ምትክ አዲስ ባዶ መደብ ተለካ፤ አሥራ ሦስት ቁጥር። ሌላ ቦታ ስላልተገኘ እሱም ከዕቃ ቤቱ ጥላ አጠገብ፣ ከሰባት ቁጥር ጎን ሆነ። ዶክተሯ ሰሌዳውን ስትተክል እትዬ ግራምን ዘወር ብላ አየቻት።

አዲሱ ስንዴ ካደገ በኋላ አንድ ቀን ቀትር ላይ እትዬ ግራም የሰባት ቁጥርን ድርሻ መዝና ሰጠችው፤ ቁጥሩንም መዘገበች። ከዚያ በርጩማዋን አንሥታ አዞረችና ጀርባዋን ለአሥራ ሦስት ቁጥር ሰጥታ ተቀመጠች። ምሳዋን ከፈተች። ከኋላዋ ቀጫጫው ስንዴ ነፋስ ሲነካው ይሰማታል።

«አትየኝ» አለችው ሳትዞር፤ «ለሁላችንም ብለህ ነው የምትራበው።»

ምሳዋን እስከ መጨረሻዋ ማንኪያ በላች። አንድ ጊዜም አልዞረችም።